ከጭቃ ሹም እስከ ሕዝብ እንደራሴ፦ ስለ ድሮ የገጠር ሹመት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የድሮ ሹማምንት ሲወሩ ስማቸው የሚነሳው ራሶቹና ደጃዝማቾቹ ናቸው። አብዛኛው ገበሬ ግን ራስ የሚባል ሰው በዓይኑ ሳያይ ኖሮ ይሞት ነበር። ለሱ መንግሥት ማለት ጭቃ ሹሙ ነው። ግብር የሚሰበስበው እሱ፣ ከብት ሲሰረቅ አገሬውን ጠርቶ የሚያስምለው እሱ፣ የጌታ ጭፍራ በመንደሩ ሲያልፍ እንግዳውን በየቤቱ የሚመራው እሱ። ደግሞ ባዳ አይደለም። ቤቱ ከማዶ ይታያል። ልጅ ሲዳር አብሮ ይጨፍራል፣ ሰው ሲሞት አብሮ መቃብር ይቆፍራል።

የገጠር ፖለቲካችንን ለመረዳት ከላይ ወደ ታች ሳይሆን ከዚህ ሰው ተነስቶ ወደ ላይ መሄድ ይሻላል ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝን ሰብስቤ እዚህ መልሻለሁ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በኛው አቆጣጠር ነው።

"ጭቃ ሹም" ስድብ ነው እንዴ?

አይደለም። ጭቃ ማለት እዚህ ላይ መሬት ነው፣ አፈር ነው። የመሬቱ ሹም፣ ለአፈሩ የቀረበ ሹም እንደማለት። ዛሬ ከተማ ውስጥ ቃሉን ለማንቋሸሽ የሚጠቀም ሰው አይጠፋም። በዘመኑ ግን "ጭቃ እገሌ" ብሎ መጥራት ማክበር ነበር። ቃሉም እንደ ማዕረግ ከስም ፊት ይቀጠል ነበር።

በየአገሩ ስሙ ይለያያል። በብዙ የኦሮሞ አካባቢዎች "ቆሮ" ይባላል። ሥራው ግን በጣም ይመሳሰላል።

እንዴት ነበር የሚሾመው? ምርጫ ነበር?

በወረቀት የሚደረግ ምርጫ አልነበረም። ርስት ባለበት በሰሜኑ አገር፣ ማለትም በጎጃም፣ በበጌምድር፣ በሰሜን ሸዋና በመሳሰለው፣ ጭቃ ሹም የሚሆነው ከባለርስቶቹ አንዱ ነው። በብዙ ቦታ ሹመቱ በተራ ይዞር ነበር። አገሩን መጀመሪያ ያቀኑት አባት ሦስት ልጆች ነበሯቸው እንበል። ሦስቱ ልጆች ሦስት ቤት ይሆናሉ። ዘንድሮ ከታላቁ ቤት አንዱ ጭቃ ሹም ከሆነ፣ በሚቀጥለው ዓመት ከመካከለኛው፣ ከዚያ ከታናሹ ቤት ይሆናል። በአንዳንድ ቦታ ደግሞ ከአባት ወደ ልጅ የሚወረስ ነበር።

ይህን የተራ ነገር ልብ በሉልኝ። ለኔ የጉዳዩ ቁልፍ እሱ ነው። ዘንድሮ የጎረቤቱን በሬ በግብር ዕዳ የሚያስይዝ ሰው፣ ከርሞ የሱን በሬ የሚያስይዘው ያ ጎረቤቱ ወይም የጎረቤቱ ዘመድ ሊሆን ይችላል። በጽሑፍ የተቀመጠ ሕግ አልነበረውም። ነገር ግን እጁን የሚይዝ ነገር ነበረው። ግፍ ቢሠራ ሸሽቶ የሚገባበት ሌላ አገር የለውም፤ ርስቱ እዚያው ነው፣ ቤተ ክርስቲያኑ እዚያው ነው፣ የሚቀበረው እዚያው ነው።

ዋና ሥራው ምን ነበር?

ብዙ ነው። ግብር መሰብሰብ የመጀመሪያው ነው። ጉልተኛው፣ ማለትም የአገሩን ግብር እንዲበላ የተሰጠው ጌታ፣ ወይም ገዢው የሚጠብቀውን እህል፣ ማር፣ ከብት፣ በኋላም ብር፣ ከየቤቱ አዋጥቶ የሚያስረክበው ጭቃ ሹሙ ነው። ጎደሎ ሲኖር የሚጠየቀውም እሱ ነው።

ሁለተኛው ሰው ማዘዝ ነው። የጌታው እርሻ ሁዳድ ይባላል። ሁዳድ ሲታረስ፣ ሲታረም፣ ሲታጨድ ከየቤቱ ሰው ይወጣል። አጥር ሲታጠርም እንዲሁ። እገሌ ዛሬ ይውጣ፣ እገሌ ነገ ይውጣ የሚለው ጭቃ ሹሙ ነው። እዚህ ላይ ነው ፖለቲካው ያለው። አንዷ ባሏ የሞተባት ናት፣ ማን ይውጣላት? አንዱ ትናንት ነው ሚስቱ የወለደችው፣ ለሱ ይለፈው? ሌላው "እኔ ባለፈውም ወጥቻለሁ" ብሎ ይጮሃል። ጭቃ ሹሙ ከላይኛው "ሃያ ሰው አምጣ" ተብሏል። ለታችኛው ደግሞ ፊት ለፊት እያየ መናገር አለበት።

ሦስተኛው እንግዳ ነው። መንገደኛ ሹም፣ የመንግሥት መልእክተኛ፣ ወታደር ሲመጣ ድርጎ ይቀርባል። እንጀራው ከየትኛው ቤት፣ ዶሮው ከየትኛው፣ ለበቅሎዎቹ ገብሱ ከየትኛው እንደሚመጣ የሚደለድለው እሱ ነው። ጭፍራ ሲመጣ መንደሩ ይጨነቅ ነበር። ጎበዝ ጭቃ ሹም የሚባለው እንግዳውን ሳያስቀይም ጎተራውን የሚያተርፍ ነው።

ከዚህ በተረፈ አዋጅ ያሰማል፣ የወሰን ጠብ ያያል፣ ለተጣሉት ሽማግሌ ያስቀምጣል።

አውጫጭኝ ምንድን ነው?

አፈርሳታም ይባላል። ከብት ተሰረቀ፣ ጎተራ ተቃጠለ፣ ሰው ሞቶ ተገኘ፣ ያደረገው ግን አልታወቀም እንበል። ፖሊስ የለም። እናም ጭቃ ሹሙ አገሬውን በሙሉ ሜዳ ላይ ይጠራል። የቀረ ይቀጣል፤ መቅረቱም ያስጠረጥረዋል።

ሰው ሁሉ ክብ ሠርቶ ይቀመጣል። ይማማላል፦ ያየሁትን፣ የሰማሁትን አልደብቅም ብሎ። ከዚያ የታመኑ ሽማግሌዎች ይመረጡና ዞር ብለው ይቀመጣሉ። እያንዳንዱ ሰው በተራው ተነስቶ ወደነሱ ይሄዳል። ጥቂት ቃል በጆሯቸው ይላል፣ ይመለሳል። ምንም የማያውቀውም ይሄዳል። ሁሉም ስለሚሄድ ማን እንደጠቆመ አይታወቅም። መጨረሻ ላይ ሽማግሌዎቹ የወንጀለኛውን ስም ሲያወጡ የጠቋሚውን ስም አያወጡም። "ወፍ ነገረችን" ነው የሚሉት።

ጉዳዩ እስኪገለጥ ድረስ መበተን የለም። ፀሐዩ ይበረታል፣ እርሻው ይጠብቃል፣ ላሞቹ ሳይታለቡ ይመሻል። በማግስቱም ሊቀጥል ይችላል። ወንጀለኛው ካልተገኘ ደግሞ አገሬው አዋጥቶ ለተጎጂው የሚክስበት ጊዜ ነበር። ስለዚህ ዝም ማለት ለሁሉም ያስከፍላል።

እኔ አውጫጭኝን ሙሉ በሙሉ ጥሩ ነበር አልልም። የተጠላ ሰው ስሙ በሐሰት ሊወጣ ይችላል፤ አቅመ ደካማውም ሜዳ ላይ ይንገላታል። ግን ጠቋሚን ከበቀል የሚጠብቅ ዘዴ፣ ወረቀትና ብዕር ሳይኖር እንዲህ አስቦ ማበጀት ትልቅ ብልሃት ነው።

ደሞዝ ነበረው?

አልነበረውም። የሱ መሬት ከግብሩ በሙሉ ወይም በከፊል ነፃ ይደረግለታል። ከቅጣትና ከዳኝነት ገንዘብ ድርሻ ያገኛል። ለሥራው ተብላ የተለየች መሬት የሚሰጠውም ነበር። "ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" የሚለው ተረት የመጣው ደሞዝ ከሌለበት ሹመት ይመስለኛል። ተረቱን ሌብነትን ለማሞገስ የሚያነሱት ሰዎች ይህን ይረሱታል።

ማንበብ የማይችል ሰው እንዴት በሹመት ያድጋል?

በአንደበቱ። ይህን ጥያቄ በጣም ነው የምወደው።

ድሮ ገጠር ውስጥ የፖለቲካ ትምህርት ቤቱ ሙግት ነው። ልጆች ከብት ሲጠብቁ እንኳ ዳኛ፣ ከሳሽና ተከሳሽ ሆነው ይጫወቱ ነበር። አድገው የወሰን ነገር፣ የርስት ነገር ሲመጣ ያ ጨዋታ እውነት ይሆናል። የርስት ሙግት ደግሞ ቀላል አይደለም። እስከ ሰባትና ስምንት ትውልድ የአባት የእናት ቆጠራ በቃል ማወቅ ይጠይቃል። እገሌ እገሌን ወለደ፣ እገሊት ለእገሌ ተዳረች፣ ይህ ማሳ በጥሎሽ ሄደ፣ ያ በምትክ ተመለሰ። ይህን ሳያደናቅፍ የሚቆጥር ሰው በአገሩ ይፈራል፣ ይከበራል።

አደባባዩን አስቡት። ዳኛው ዛፍ ሥር ተቀምጧል። ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላቸው ጫፍና ጫፉ ተቋጥሮ መጥተዋል፤ ቁራኛ ይባላል፣ እንዳይጠፋፉ ነው። ፊት ሲቀርቡ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ያደገድጋሉ። ያላደገደገ ሰው ዳኛውን የናቀ ነው። አንዱ ዱላውን ይዞ ይነሳና "በላ ልበልሃ!" ይላል። ቃሉ ቤት ይመታል። አረማመዱም የሙግቱ አካል ነው። በመሃል ውርርድ ይገባል፦ በማር፣ በበቅሎ፣ በፈረስ። "ይህን ብዬ ካልረታሁ በቅሎ ልስጥ" ይላል። የተረታው ውርርዱን ለዳኛው ይከፍላል። ሕዝቡ ዙሪያውን ቆሞ ይሰማል። ጥሩ የተናገረ ሰው አባባሉ ለሳምንት በየቡናው ይደገማል።

እንዲህ ያለ ሰው መጀመሪያ ለራሱ ይሟገታል። ቀጥሎ ለዘመዱ። ከዚያ ለሌላ ሰው ነገረ ፈጅ ይሆናል። አንድ ቀን ጌታው ሲሰማው "ይህ ሰው ከኔ ጋር ይሁን" ይላል። ሹመት የሚጀምረው እንዲህ ነው።

ደጅ ጥናት የሚባለውስ?

ደጅ መጥናት ማለት ሹመት ፈላጊው በጌታ ደጅ ቀን ከሌት መገኘቱ ነው። ወሮች፣ ዓመታትም ሊፈጅ ይችላል። ጠዋት ይመጣል፣ ይሰግዳል፣ ይቆማል። ጌታው በበቅሎ ሲወጣ ይከተላል፣ ሲመለስ ይከተላል። ስንቁን ከአገሩ እያስመጣ ነው የሚበላው።

በቀጥታ ገብቶ መናገር አይቻልም። ባልደረባ ያስፈልጋል። ባልደረባ ጉዳዩን ከጌታው ጆሮ የሚያደርስለት፣ አስገብቶ የሚያስወጣው የቤት ሰው ነው። ያለ ባልደረባ የሄደ ሰው ደጁ ላይ ሊያረጅ ይችላል። ዛሬ "ሰው አለህ ወይ?" እየተባለ የሚጠየቀው ጥያቄ ሥሩ ረጅም ነው።

ከገጠር ተነስቶ ትልቅ ደረጃ የደረሰ ሰው አለ?

አለ። መሰላሉ ባላምባራስ፣ ግራዝማች፣ ቀኛዝማች፣ ፊታውራሪ፣ ደጃዝማች እያለ እስከ ራስ ይሄዳል። ግራዝማች የግራ፣ ቀኛዝማች የቀኝ፣ ፊታውራሪ የፊት አዝማች ማለት ነው። ማዕረጎቹ የጦር ሰፈር ስሞች ናቸው፤ ዘማች ሆኖ ያልታየ ሰው በቀላሉ አያገኛቸውም ነበር። አብዛኛው ጭቃ ሹም ከነዚህ አንዱንም ሳያገኝ ነው ያለፈው።

ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴን እንውሰድ። የጨቦ ልጅ ናቸው። በልጅነታቸው በጦርነት ተማርከው ነው ወደ ምኒልክ ቤት የመጡት። በጦርም በዳኝነትም ጎልተው ወጡ፤ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮች ሲሾሙ የጦር ሚኒስትር ሆኑ። እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ እስከ 1919 ዓ.ም. ድረስ ከአገሪቱ ዋና ዋና ሰዎች አንዱ ነበሩ። ሰው "አባ መላ" ይላቸዋል። ስለ ፍርዳቸው የሚወራው ጨዋታ እስከ ዛሬ አላለቀም።

ሌላው መንገድ አርበኝነት ነው። በላይ ዘለቀ ከጎጃም ገጠር ተነስቶ ጣልያንን አምስት ዓመት ተዋጋ። ነፃነት ሲመለስ ደጃዝማች ተባለና የብቸና ገዢ ሆነ። ግን ከጣልያን ጋር የሠሩ ሰዎች ከአርበኛው በላይ ሲሾሙ ማየት በዚያ ዘመን የብዙ አርበኛ ቁስል ነበር። እሱም ከመንግሥት ጋር ተጣላ። ጥር 1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተሰቀለ። አገር ያስከበረ ሰው በሰባራ ሹመት ተቀይሞ፣ ያስከበረው መንግሥት ሰቀለው። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ያመኛል።

በደቡቡ አገርም እንዲሁ ነበር?

አይደለም። ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ ሳይነገር መታለፍ የለበትም።

በምኒልክ ዘመን ጦር ወደ ደቡብ ሲወርድ መሬት በቃላድ፣ ማለትም በመለኪያ ገመድ፣ እየተለካ በጋሻ ተቆጠረ። አንድ ጋሻ ወደ 40 ሄክታር ነው። ከተለካው መሬት ሲሶ ለአገሩ ባላባት ይቀራል ተባለ፤ ሌላው ለመንግሥት፣ ለቤተ ክህነትና ለወታደሩ ሆነ። በተግባር ባላባቱ ሲሶውን ሙሉ ያላገኘበት ቦታ ብዙ ነው። ገበሬው ገባር ሆነ። በላዩ መልከኛ የሚባል አዲስ ሹም ተቀመጠ። ባላባቱና ቆሮው በመልከኛውና በገዛ ወገናቸው መሃል ገቡ።

ሰሜን ላይ የጭቃ ሹሙን እጅ የሚይዘው ተራውና ዝምድናው ነበር ብያለሁ። እዚህ ያ የለም። ሹመቱ የመጣው ከጦር ድል ነው። መልከኛው ከገባሩ ጋር ቋንቋ አይጋራም፣ ርስት አይጋራም፣ መቃብር አይጋራም። ነገ ገባሩ በተራው አይሾምበትም። ባላባቱ ደግሞ ሲሶውን እንዳያጣ ለላይኛው መታየት ነበረበት። ስለዚህ "ጭቃ ሹም ጎረቤት ነው" የምለው ነገር ለሁሉም አገር እንደማይሠራ በግልጽ መናገር አለብኝ። የቀረው ቂምም አንድ ዓይነት አይደለም።

ሹም ሽር እንዴት ነበር የሚፈጸመው?

ለጭቃ ሹም ተራው ሲደርስ ወይም ጌታው ሲቆጣ ያበቃል። በማግስቱ ማሳው ላይ ነው።

ለትልልቆቹ ግን ከባድ ነው። ደጃዝማች ባልቻ ሳፎ ሲዳሞን ይገዙ ነበር። በ1920 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ አዲስ አበባ ጠሯቸው። በሺህ የሚቆጠር ወታደር አስከትለው መጡና ከከተማው ዳር ሰፈሩ። ግብር ተጠሩ፣ ሄዱ፣ በሉ፣ ጠጡ። ሲመለሱ ሰፈሩ ባዶ ነው። እሳቸው ቤተ መንግሥት ሳሉ ወታደሩ ገንዘብ ተከፍሎት ተበትኗል። ሲዳሞም ለሌላ ተሰጥቷል። አንድ ጥይት ሳይተኮስ ሹመቱ አለቀ።

ስምንት ዓመት ቆይቶ ጣልያን ሲመጣ ግን እኚሁ ሰው ሸምግለው ተዋግተው ሞቱ። በሻራቸው ሰው ላይ ያላቸውን ቂም ከአገር አላስቀደሙም።

ሴቶችስ?

ሴት ርስት ትወርስ ነበር። ጉልት የያዙ ትልልቅ ወይዛዝርትም ነበሩ። የጭቃ ሹምነቱ ሥራ ግን የወንድ ተብሎ የተያዘ ነው። በ1948ቱ ሕገ መንግሥት ሴቶች የመምረጥና የመመረጥ መብት አገኙ። ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ የመጀመሪያዋ ሴት የምክር ቤት አባል ሆኑ፤ ቆየት ብሎም የምክር ቤቱ ምክትል ፕሬዚዳንት። እሳቸው ግን የገጠር ተመራጭ አልነበሩም።

ከጣልያን በኋላ ምን ተለወጠ?

ነሐሴ 1934 ዓ.ም. የወጣው የአገር አስተዳደር ድንጋጌ ነገሩን ከሥሩ ነካው። ጠቅላይ ግዛት፣ አውራጃ፣ ወረዳ፣ ምክትል ወረዳ ተባለ። ገዢው የመንግሥት ደሞዝተኛ ሆነ። ግብር ወደ ገንዘብ ሚኒስቴር መግባት ጀመረ። የራሱ ጦርና የራሱ ግምጃ ቤት ያለው የድሮ ገዢ እንዲህ አበቃ።

በ1937 ዓ.ም. ግብሩ በጋሻ ተተመነ። ለም መሬት 15 ብር የመሬት ግብርና 35 ብር አሥራት፣ መካከለኛው፣ ለም ጠፍ የሚባለው፣ 10 እና 30፣ ጠፍ 5 እና 10። እንግዲህ አስቡት። "ይህ መሬት ለም ነው ወይስ ጠፍ?" የሚለው አንድ ቃል የ35 ብር ልዩነት አለው። ያን ቃል ከሚያስወስኑት አንዱ ጭቃ ሹሙ ነው። ጎጃም፣ በጌምድርና ትግራይ ግን መሬታቸው በጋሻ ስላልተለካ በቀድሞ ግብራቸው ቀጠሉ። ይህ ነገር በኋላ ጣጣ ያመጣል፤ እመለስበታለሁ።

በ1939 ዓ.ም. ደግሞ አጥቢያ ዳኛ መጣ። እስከ 25 ብር የሚደርስ የፍትሐ ብሔር ክርክር ያያል። እስከ 15 ብር መቀጫ ይቀጣል። ትንሽ ይመስላል። ለአንዲት ፍየልና ለአንድ ክንድ ወሰን የሚጣላ ሰው ግን ወረዳ ድረስ ሁለት ቀን ከመሄድ አዳነው። ብዙ ቦታ አጥቢያ ዳኛ የሆነውም ያው በመንደሩ አንደበቱ የታወቀው ሰው ነው።

የገጠር ሰው ፓርላማ ይገባ ነበር?

ይገባ ነበር። ማን እንደሚገባ ማየት ነው ዋናው።

ሐምሌ 1923 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ሁለት ምክር ቤት አቋቋመ፦ የሕግ መወሰኛና የሕግ መምሪያ። የሕግ መምሪያው አባላት ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ በመኳንንቱና በየአገሩ ሹማምንት ይመረጡ ተባለ። ገበሬው ምንም አልተጠየቀም።

በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ይህን ለወጠ። አገሩ ወደ 200,000 ሰው በያዘ የምርጫ ወረዳ ተከፋፈለ። እያንዳንዱ ወረዳ ሁለት እንደራሴ ለአራት ዓመት ይልካል። መራጭ 21፣ ተመራጭ 25 ዓመት የሞላው ይሁን። ተመራጩ የወረዳው ነዋሪና በዚያው ንብረት ያለው መሆን አለበት። የመጀመሪያው ምርጫ በ1950 ዓ.ም. መባቻ ተደረገ። ከዚያ በ1953፣ በ1957፣ በ1961 እና በ1965። አምስት ምርጫ፣ አንድም የፖለቲካ ፓርቲ የለም። ሰው የሚመረጠው በስሙ፣ በዘሩና በአንደበቱ ነው።

ቃሉን አስተውሉ። እንደራሴ ማለት "እንደ እኔ ራሴ" ነው። ድሮ ንጉሥ ነው እንደራሴ የሚሾመው፤ ራስ ተፈሪም አልጋ ወራሽና ባለ ሙሉ ሥልጣን እንደራሴ ነበሩ። አሁን ሕዝብ "እንደ እኔ ራሴ" ብሎ ሰው ላከ። ትልቅ ነገር ነው። ችግሩ ከንብረቱ ላይ ነው። ንብረት ይኑረው ሲባል የሰው መሬት የሚያርሰው ጭሰኛ ከመነሻው ቀረ። አዲስ አበባ የደረሰው ባለመሬቱ ነው።

ውጤቱ በመሬት ጉዳይ ታየ። የካቲት 1957 ዓ.ም. የጭሰኝነት ጉዳይ በምክር ቤቱ ሲነሳ ተማሪዎች "መሬት ላራሹ" ብለው ወደ ፓርላማው ተሰለፉ። የጭሰኛና የባለመሬት ግንኙነትን የሚያስተካክል ረቂቅ በኋላ ቀረበ። አልጸደቀም። እስከ መጨረሻው አልጸደቀም። ረቂቁ ቢያልፍ የሚነካው የእንደራሴዎቹን የራሳቸውን ጎተራ ነበር። በአገሩ ጭሰኛውን ፊት ለፊት የሚያየው ሰው፣ አዲስ አበባ ሲገባ ዓይኑን የሚያይበት ጭሰኛ የለም። ጭቃ ሹሙን የያዘው ነገር እንደራሴውን አልያዘውም።

የጎጃም አመፅ ከዚህ ጋር ምን አገናኘው?

በ1960 ዓ.ም. አሥራት ቀረና የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር ወጣ። አሥራት በመሬቱ ልክ ነው፤ ይህ ግን በምርቱ ልክ ነው። በሐሳብ ደረጃ ፍትሐዊ ነው፤ ብዙ ያመረተ ብዙ ይከፍላል። የጎጃም ገበሬ ግን ምርት የሚገምት ሰው ማሳው ላይ ሲመጣ ያየው ቃላድ ነው። መሬቴ ሊለካ ነው፣ ርስቴ ሊሄድ ነው አለ።

ብቸና፣ ሞጣና ሌሎችም አውራጃዎች ተነሱ። መንግሥት ጦር ላከ፣ አውሮፕላንም መንደር ደበደበ። በመጨረሻ ያፈገፈገው መንግሥት ነው። የጠቅላይ ግዛቱ ገዢ ተነሱ፤ የተጠራቀመ የግብር ዕዳ ተማረ፤ አዲሱም ግብር በጎጃም ሳይሠራበት ቀረ።

በዚህ ሁሉ መሃል ጭቃ ሹሙን አስቡት። ወረቀቱን ይዞ "ገማቾቹ ነገ ይመጣሉ" ብሎ እንዲናገር የታዘዘው እሱ ነው። የሱም ማሳ ይገመታል። የሱም ወንድም ጠመንጃውን አንስቷል።

መቼ አበቃ?

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሡ ወረዱ፣ ፓርላማውም ተዘጋ። የካቲት 25 ቀን የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ። መሬት የሕዝብ ሆነ፤ ለአንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ አይፈቀድም ተባለ። ቢያንስ 800 ሄክታር በያዘ ቦታ የገበሬ ማኅበር ይቋቋም ተባለ። 800 ሄክታር 20 ጋሻ ነው። የድሮ ጭቃ ሹም የሚያዝበትን አገር የሚያህል ማለት ነው። በጭቃ ሹሙ ወንበር የገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር ተቀመጠ።

አያቴ ጭቃ ሹም ነበር ይባላል። እንዴት ላረጋግጥ?

መጀመሪያ አገሩ ሂዱና ሽማግሌ ጠይቁ። ዛሬ ነገ አትበሉ። በቃል የሚያውቁት እያለቁ ነው። ስትጠይቁ "አያቴ ሹም ነበር ወይ?" አትበሉ፤ እንግዳ ለማስደሰት ሁሉም "አዎ" ይላል። "በዚያን ጊዜ ግብር ለማን ትሰጡ ነበር?" በሉ። ስሙ ራሱ ይመጣል።

ሁለተኛ፣ ቤት ውስጥ ሳጥን ፈትሹ። የድሮ የግብር ደረሰኝ ብዙ ቤተሰብ ጋ አለ፤ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ከዳዊቱ ጋር ተቀምጦ። ደረሰኙ ላይ የወረዳውና የምክትል ወረዳው ስም ይገኛል። አዲስ አበባ ያለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብትም፣ በተለምዶ ወመዘክር የምንለው፣ መሞከር ያለበት ቦታ ነው።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያስበው ነው። የደብሩ መጻሕፍት። ድሮ መሬት ሲሸጥ፣ ሲሰጥ፣ ሲናዘዙ በብራናው ኅዳግ ወይም ባዶ በቀረ ገጽ ላይ ይጻፍ ነበር። ቄሱን በአክብሮት ጠይቁ፤ ቸኩላችሁ ፎቶ ለማንሳት አትሞክሩ። ቢፈቀድላችሁ ከጽሑፉ መጨረሻ ያሉትን መስመሮች አንብቡ። እዚያ ነው እማኞቹ የሚዘረዘሩት፦ መምሬ እገሌ፣ አለቃ እገሌ፣ ዳኛው እገሌ። ከነሱ ቀጥሎ ወይም ከነሱ ቀድሞ፣ በደቃቅ ፊደል፣ "ጭቃው" ተብሎ አንድ ስም ይኖራል።